ካምቢዮው በዐቢይ ጾም

መጋቢት ፪፣ ጧት

ማኪናችን ዛሬም ጮኸች። ሁለተኛውን ማርሽ ሲያስገባ ግርርር፣ ጥርሷን እንደምታፋጭ ባልቴት። እኔ ማድ ቤት ሆኜ ሰማሁ። ባሌ መሪውን ይዞ አልሰማም። ብርድ ነው አለ። ብርድ! በመጋቢት! ድንጋዩ ሳይቀር በሚግልበት ወር!

ደብተሬ፣ ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን አንተም ይበዛበታል።

ነገሩ የማኪና ቢሆን ዝም ባልኩ። የነገሩ ሥር የሺ ናት። ልጄ ደባርቅ ናት፣ ባሏ እዚያ አስተማሪ ነው። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ትወልዳለች፣ ወግ ነው። ወሯ ገብቷል። በዚህ ሰሞን አባቷ ሄዶ ሊያመጣት ነው። ያን ሁሉ የወገራ ዳገትና ቁልቁለት፣ በዚህች በምታፋጭ!

መጋቢት ፬፣ ፱ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ገና ምንም ሳልቀምስ

አራዳ ወረድኩ፣ አያ ሙላት ጋራዥ። ሽማግሌው መካኒክ። ምነው መጣሽ አለኝ። ማኪናዋ እንዲህ እንዲህ ትላለች አልኩት፣ ጩኸቷን በአፌ አሰማሁት። ሳቀብኝ። ቀጥሎ ግን ሳቁን ተወው።

ካምቢዮው፣ ማርሾቹ ያሉበት፣ የራሱ ዘይት አለው አለኝ፣ ከሞተሩ የተለየ። ሲያረጅ ይጠቁራል፣ ያረረ ያረረ ይሸታል፣ ማርሽ አልገባም ይላል። ሲብስበት ይገባና ያመልጣል። ዳገት ላይ ቢያመልጥስ? አልኩት። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

መቼ ነው የተቀየረ? ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበል። ሌላ ጊዜ ለጥምቀት ይቀይር ነበር። ዘንድሮ ውጭዋን አጥቦ፣ ባንዲራ አስሮባት፣ ቀሐ ወንዝ ወርዶ ለሰው አሳያት። ሆዷን ማን አየው!

መጋቢት ፭፣ ከምሳ በኋላ

ነገርኩት። የባሌን መልስ ስሚ። ጾም ነው፣ የካምቢዮ ዘይት ሞራ ነው፣ በዐቢይ ጾም እጄን ጮማ አልነክርም፣ ለፋሲካ ይደርሳል። በጣሊያን ጊዜ ሞራ ሲጨምሩበት በዓይኑ አይቷል። አያ ሙላት ዘይቱ ከመሬት የሚወጣ ነው ብሏል ብለው፣ ያ ደግሞ ምን ያውቃል ብሎ አፌን አስያዘኝ።

እሺ። ዳዊትዎ በምን ላይ ነው የተጻፈው? አልኩት። በብራና። ብራናውስ? የፍየል ቆዳ ነዋ! በየጧቱ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ይገልጠዋል፣ በጾም! ሴት በመጽሐፍ ትከራከራለች እንዴ ብሎ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ።

ድሮ ቄስ ትምህርት ቤት ነበር። ከዚያ ጣሊያን ማኪና አስነዳው። ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ተማረና ሁለቱንም የጨረሰ መሰለው።

መጋቢት ፮

የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ሳቁ፣ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ይብላው ብያለሁ እንዴ? ማኪናስ ክርስትና የተነሣችው መቼ ነው ልጄ? አሉኝ። ይቀይር፣ ኃጢአቱ በእኔ፣ አሉ።

ሸጋ፣ አለቀ ብዬ እየሮጥኩ መጣሁ። አባ ማኪና አያውቁም አለኝ! ይኸው ነው። አባ ማኪና አያውቁም፣ አያ ሙላት ጾም አያውቅም፣ ሁለቱንም የሚያውቅ በዓለም ላይ እሱ አንድ ሰው።

ክፉ ሰው ቢሆን እንኳ ይቀል ነበር። ለየሺ ብሎ የኋላውን ወንበር ፍራሽ አንጥፎበታል፣ ትራስ በጥጥ አስሞልቷል። መንገዱ እንዳያንገጫግጫት። ልጁን በትራስ ላይ አስተኝቶ ገደል ሊሰዳት! አለቀስኩ፣ ከዚያ በትራሱ ሳቅሁ።

መጋቢት ፰፣ ጧት

የደባርቅ አውቶቡስ ሹፌር መልእክት አመጣ። የሺ ወገቧን ያማት ጀምሯል፣ ቶሎ ኑ። ነገ ጎሕ ሲቀድ እሄዳለሁ አለ ባሌ። በዚያችው! ማርያም ታውቃለች አለኝ። ማርያም ታውቃለች፣ እሱ ነው የማያውቅ።

አያ ሙላት ጋ ሮጥኩ። ባለቤቱ ሳያዘኝ የሰው ማኪና አልነካም አለ። እውነቱን ነው። ግን ለወሬ ያህል ነገረኝ፦ ከካምቢዮው ሥር አንድ ብሎን አለ፣ ራሱ አራት ማዕዘን፤ ሞተሯ እንደጋለ ሲፈቱት ዘይቱ ይወርዳል። ለወሬ ያህል! አያ ሙላት ይኑርልኝ።

መጋቢት ፰፣ ከሰዓት በኋላ

ተሳፋሪ ጭኖ ከሄደበት ከአዘዞ ተመለሰ። ፊቱ አመድ። ዳገቱ ላይ ማርሹ አምልጧት ወደ ኋላ ተንሸራታ፣ ተሳፋሪው ወርዶ ጎማዋን በድንጋይ ደግፎ አቆማት። ይህን የነገረኝ አንዱ ተሳፋሪ ነው። እሱ በቀጥታ ቅዳሴ ሄደ።

እሷ ግቢ ውስጥ ቆማለች፣ እንደጋለች።

ቀሚሴን ሰብስቤ ከሥሯ ገባሁ። መፍቻው ከወንበሩ ሥር ነበር። ብሎኑ አልፈታ አለኝ፣ መፍቻውን በእግሬ ረገጥኩት፣ ተፈታ። ሳፋ ደቀንኩ። የወረደውን ብታይ! እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ያረረ ድስት የሚሸት። በጣቴ አሸሁት፣ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። ጥርሷን ነው የምትተፋ የነበረው፣ ምስኪን።

አሁን ባዶ ናት። ሳፋውን እንዲያየው ደጃፉ ላይ አስቀምጫለሁ። አዲስ ዘይት አልገዛሁም፤ ራሱ አራዳ ወርዶ፣ በጾሙ ቀን፣ በገዛ እጁ ተሸክሞ ያምጣ፣ ሰው ሁሉ ይየው። እንቢ ካለ ነገ በአውቶቡስ ወደ ልጄ እሄዳለሁ፣ እሱ ከትራሱ ጋር ይቅር።

ቅዳሴ ወጣ መሰለኝ፣ ሰው ይተላለፋል። ብሎኑን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬዋለሁ። ዘይቱን ይዞ ሲመጣ ነው የምፈታለት።