አንድ መስመር በእርሳስ

ውድ የወንድሜ ሐኪም፣

ጤናዎን ከልብ እመኛለሁ፤ ይሁንና ብዕሬን ያስነሣኝ ናፍቆት ብቻ ሳይሆን ቅሬታም ነው።

በመጨረሻው ቀን ወንድሜን ሲሰናበቱ «በል እንግዲህ፣ ማክሰኞ እንገናኝ» አሉት። በማግስቱ ወደ ሌላ ከተማ እንደሚዛወሩ እያወቁ፣ ልማድ ሆኖብዎት ከአፍዎ ያመለጠ ነው ብዬ አምናለሁ። በሃምሳ ዓመቱ ኦቲዝም እንዳለበት ለተነገረው ታናሼ ግን ቃል ቃል ነው። ይኸው ሰባተኛ ማክሰኞው፤ የመጽሐፍ ጥረዛውን ትቶ ከቀድሞው የሕክምና ክፍልዎ በር ፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

«ሐኪሟ ሄዳለች እኮ ወንድሜ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይለዋል ዘበኛው።

«ማክሰኞን።»

«ማክሰኞማ ዛሬ ነው!»

«ታዲያ ትመጣለች።»

የተካዎት ባለሙያ አንድ ቀን አስገባውና ለሕፃናት የተዘጋጀ የሰው ፊት ሥዕል ዘረጋለት። «ይሄ ሰውዬ ደስ ብሎታል ወይስ አዝኗል?»

«ተስሏል» አለው ወንድሜ፤ ተነሥቶም ወጣ። ጸጉሩ የሸበተን ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ምን ይሉታል?

እርስዎ የዕለቱን ሥራ በእርሳስ ጽፈው ያሳዩት፣ ያለቀውንም አብረው ይሰርዙ ነበር። የወረቀት መቁረጫው ጩኸት ሲያስጨንቀው፣ ትከሻው መገተር ሲጀምር አውቆት እጁን አንሥቶ እንዲወጣ አስተማሩት። ዓመት ሙሉ በሥራ ቦታው አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም። አሁን ግን አሠሪው «አንድ ማክሰኞ ደግሞ ከቀረ ሌላ ጠራዥ እቀጥራለሁ» ብሎኛል።

አንድ ኑዛዜም አለብኝ። ዕድሜዬን በጽሕፈት የገፋሁ ሽማግሌ፣ የእጅ ጽሕፈትዎን አስመስዬ «አልመለስም» ብዬ ጻፍሁለት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየና መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ እሷ በእርሳስ ነው የምትጽፈው። ይሄ ያንተ ቀለም ነው።»

ከዚያ ወዲህ «ምሳ ቀርቧል» ስለው እንኳ ገበታውን አይቶ ነው የሚያምነኝ።

ይመለሱ አልልም፤ የእንጀራ ነገር ነው። «ማክሰኞ አልመጣም፤ ከእንግዲህም አልመጣም» ብለው አንድ መስመር ይጻፉለት። ማለሳለሻ አይጨምሩበት፤ «ምናልባት» የምትባለውን ቃል በተለይ አደራ። የጎዳን ማለሳለሻ ነውና።

ይህን በቀለም የጻፍሁልዎ፣
የጠራዡ ታላቅ ወንድም