ለኪንጋ የተዘፈነው

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ልጄ ለቢያታ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴን ደፍኛለሁ፤ እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ደረጃውን ያለ ከዘራ እወርዳለሁ፣ ይህንንም ያለ ሰው እርዳታ እጽፋለሁና ስለ እኔ አታስቢ። አንቺስ እንዴት ነሽ? የእግርሽ እብጠት ለቀቀሽ? ሆድሽ ውስጥ ያለችውስ ትራገጣለች? የዚያ አገር ዝናብ አባራ?

ትናንት የእናትሽ የስም ቀን፣ የስሟ ባለቤት የቅድስት ኪንጋ በዓል ነበር፤ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው። ጠዋት መቃብሯን አጥቤ ሻማ አበራሁላት። ከዚያ ነጩን የጠረጴዛ ልብስ አንጥፌ የቼሪ ኬክ ጋገርኩ፤ ታቹ አረረ እንጂ ላዩ ይበላል። በስም ቀን ማንም ተጠርቶ እንደማይመጣ ታውቂያለሽ፤ ያስታወሰ ይመጣል። የሞተችን ማን ያስታውሳል ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ።

መጡ። ጎረቤታችን ገኖቬፋ አንድ ሳህን የድንች ሰላጣ ይዛ፣ ዜኖንና ሌሎቹ የጨው ማዕድን ጓደኞቼም አበባ ይዘው። ገኖቬፋ ኬኩን ገልብጣ አየችና «አንተ ቴዎፊል፣ ይሄን ከጉድጓድ ነው የቆፈርከው?» አለችኝ። ሳቅን። ብርጭቆ ሲነሳ ዜኖን እንደ ልማዱ ለባለ ስሟ ረጅም ዕድሜ የሚመኘውን ዘፈን ጀመረና አፉ ተያዘ። ለሞተች ሰው ያ አይዘፈንም። ሁሉም ሳህን ሳህኑን ሲያይ ገኖቬፋ ቀስ ብላ «ታዲያ ለማን እንዝፈነው?» አለች።

«ለኪንጋ» አልኩ፤ «ለቢያታ ልጅ።»

ቆመው እስከ መጨረሻው ዘፈኑላት።

የእናትሽ ስም አርጅቷል፣ ሌላ መርጠናል ብለሽ በስልክ የነገርሽኝን አልረሳሁም። ንጽሕናዋን ለማስመስከር በጋለ ማረሻ ላይ በባዶ እግሯ የሄደችው ንግሥት ስሟ ይኸው ነበር፣ ቄሱ ነግሮኛል። በሃንጋሪ የጨው ጉድጓድ ውስጥ የጣለችውን ቀለበት እዚህ እኛ ጨው ውስጥ ያገኘችው ልዕልትም ኪንጋ ነበረች፤ ቀለበት ያን ያህል አገር ካቋረጠ ስምም አንቺ ዘንድ አይጠፋም። እኔ ግን የማስበው እነሱን አይደለም። ከጉድጓድ በወጣሁ ቁጥር በራችን ላይ ቆሜ የምጠራው ስም ነበር። አሁንም ስገባ እጠራዋለሁ። የሚመልስ የለም።

ባልሽን ዳሪዩሽን ሰላም በይልኝ፤ ጀርባውን ይጠብቅ። አማትሽን ወይዘሮ ቬሮኒካን እጅ እነሳለሁ። ገኖቬፋም ትስምሻለች። ሆድሽን በእኔ ፈንታ ዳብሺው።

የገኖቬፋን ሳህን አጥቤ እመልሳለሁ። ለዜኖን ቃል የገባሁለትን እንጨት እፈልጥለታለሁ። ልጅቷን ሌላ ስም ካላችኋትም የዘፈኑላትን ሰዎች በየበራቸው ሄጄ በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ። አንቺ እንዳትደውይላቸው፤ ያስዘፈንኩት እኔ ነኝ።

አባትሽ ቴዎፊል
ቦኽኒያ፣ ጁላይ 25 ቀን 2014