የልጄ የጥርስ ጄሶ ይሰጠኝ

ለሆስፒታሉ የጥርስ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ኅዳር 18

ጉዳዩ፦ በጄሶ የተቀዳው የሟች ልጄ የጥርስ ቅርጽ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

1. ማክሰኞ ጠዋት የልጄን የሥራ ልብስ ገመድ ላይ ሳሰጣ ወንድሜ መጥቶ «ተይው፣ ነይ ግቢ» አለኝ። እጄ እንደራሰ ገባሁ። ልጄን ወደ ሥራ ይዟት የሄደው መኪና ተገልብጦ ነበር። አስከሬኗ በታሸገ ሳጥን ስለመጣ ፊቷን ሳላይ ቀበርኳት።

2. ልጄ የመንጋጋ መጋጠሚያ ሕመምተኛ ነበረች። ጆሮዋ ሥር ያለው መጋጠሚያ ከቦታው እየሸሸ የላይኛውና የታችኛው ጥርሷ አይገጥምም ነበር። የምታኝከው በቀኝ በኩል ብቻ ነው። ስታዛጋ መጋጠሚያው ቋ ሲል ታላቅ ወንድሟ «እማዬ፣ የዚችን ልጅ ማጠፊያ ዘይት ቀቢላት እንጂ!» ይላል፤ እሷም አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች፤ መሳቁም መልሶ ያማታል። ሐኪሟ የጥርሷን ቅርጽ በጄሶ ቀድተው፣ በዚያ ልክ ስትተኛ የምትነክሰው ፕላስቲክ እንዲሠራላት አዘዙ። በደግ እጅ ነው የያዟት፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

3. ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከክፍላችሁ ተደወለልኝ። «እናት፣ የልጅዎ ፕላስቲክ ደርሷል፤ መጥታ ትለካው» አሉኝ። «እሺ፣ እነግራታለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

በኋላ ልቤን አጠንክሬ ስመጣ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ፕላስቲኩ የታዘዘላት ራሷ አፏ ላይ ሳትለካው ለማንም አይሰጥም አለኝ። ደንብ ነው፤ አልተቆጣሁም። መሞቷን ስነግረው ደነገጠ። «ታዲያ እማማ፣ ምን ያደርግልዎታል? ጄሶ እኮ ነው፤ መደርደሪያው ሲጸዳ ይጣላል» አለኝ።

ከትከሻው በላይ፣ መደርደሪያው ላይ ጄሶውን አየሁት። የፊት ጥርሷ ላይ ያለችው ስንጥቅ፣ ወደ ቀኝ የሸሸው ንክሻዋ፣ ሁሉም አለ። በሕይወት ሳለች እጇ ስለሚቀድመኝ እንዲያ አድርጌ አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ ፕላስቲኩ ይቅር፤ የሚለካበት የለም። ጄሶው ግን ሳይጣል እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ። እስኪሰጠኝም ድረስ ጥርሱ ይግጠም ብሎ ማንም እንዳይሞርደው ይታዘዝልኝ። ልጄ እንዲያው ነበረች።

ስሟ ከዚህ ጋር በተያያዘው የሕክምና ካርድ ላይ ተጽፏል። ይህ ወረቀት በእጃችሁ የሚያልፍ ሁላችሁ፣ ከመዝገብ ቤት እስከ ክቡርነትዎ፣ ስሟን ስታነቡ «ነፍሷን ይማር» በሉልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
እናቷ