ከቃሊቲ ዱከም፣ ያለ ነጠላ

ሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2002

ውሃ ሌሊት መጥቶ ኖሯል። አልሰማሁም። ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካኑን ሞልቷል፣ የእኔ ባዶ። የሩትን ዩኒፎርም በተረፈችው ውሃ አጠብኩ። ታላቋ እምነት ደግሞ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተላቀቀ ብላ አኮረፈች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው... እኔም በዕድሜዋ አኩርፌ ይሆናል። ጫማ ቢኖረኝ።

ፋብሪካው በር ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። የክር ክፍል ሴቶች ምን ይላል አሉኝ። የሚነበብ ነገር ሲመጣ እኔን ነው የሚጠሩት፤ ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደል መቁጠሬ እስከ ዛሬ ይገርማቸዋል። አነበብኩላቸው። የፋብሪካ ሠራተኞች ግማሽ ማራቶን። ከቃሊቲ ዱከም፣ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር። ጥር 23፣ እሑድ። ወንድም ሴትም። ሳቁ። በአውቶቡስም ያደክማል አለች አንዷ።

ከሥራ ስወጣ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊው ቀና ሳይል "ለማን ነው?" አለኝ።

"ለእኔ።"

ያኔ ቀና አለ። ጥቁር ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየና... ጻፈ።

ለምን አደረግሁት? አላውቅም። አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11

ታጁ ሱቅ ግማሽ ኪሎ ስኳር ገዛሁ። የጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ስለ ሩጫ ተጽፏል። ስኳሩን ጣሳው ውስጥ ገለበጥኩና ቆሜ አነበብኩት። ለጀማሪዎች የተሰጠ ምክር ነው። መጀመሪያ ጥቂት መሮጥ፣ ብዙ መራመድ። እየሮጡ ማውራት ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። "ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ዋናው ነገር" ይልና... ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀዷል።

ተመልሼ ሄጄ ታጁን ሌላውን ግማሽ ጠየቅሁት። ጨው ጠቅልሎበት ሸጦታል። የጨው ደንበኛን ሁሉ ቤት ለቤት ልዙርልሽ ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ዋናው ነገር ምን ይሆን? እንግዲህ ራሴ አገኘዋለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12

ልጆቹ ሳይነቁ ተነሳሁ። ከጥቁር ቀሚሴ ሥር የእምነት የስፖርት ሱሪ፣ ሸራ ጫማ። ከዚያ ነጠላዬን ፍለጋ... ብዙ የቆየሁት እዚያ ላይ ነው። በጨለማ አልጋውን ዳበስኩ፣ ሳጥኑን፣ ወንበሩን። 

ባሌ በቀለ የሞተ ለትም እንዲህ ነበር። ደረቴን አለኝ። መኪና ያለው ሰው የመንገዱ ጫፍ ላይ ነው። እኔ ግን ነጠላዬን ፈለግሁ። አግኝቼም አልሮጥኩም፤ ሴት በሌሊት ስትሮጥ ምን ትባላለች ብዬ ፈጠን ፈጠን እያልኩ ተራመድኩ። መኪናው ሲደርስ በቀለ የለም። ሦስት ዓመቱ። ሐኪሙ ብትሮጪም አትደርሺለትም ነበር አለኝ። እሱ ምን ያውቃል? ያልሮጥኩትን በምን ለካው?

ነጠላው ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ተገኘ። ወጣሁ። ቀበሌው ጋ ስደርስ ትንፋሼ አለቀ። ተራመድኩ። እንደገና ሮጥኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 24

እምነት አታናግረኝም። የክፍሏ ልጅ አባት ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ አይቶኛል። "እናትሽን ውሻ ነው ያባረራት ወይ ተባልኩ" አለችኝ ማታ፣ ወደ ግድግዳው ዞራ።

ውሻስ አባሮኛል። አልነገርኳትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ጉድ ነው የሠራሁት።

ከሌላው ቀን ዘግይቼ ነበር የወጣሁት። ልጆች ቁርስ፣ ፋብሪካ ሰዓት ፊርማ... ከድልድዩ ወደ ቤት ባለ በሌለ ኃይሌ ስመለስ እትዬ አቻምየለሽ ለሚካኤል ንግሥ በራቸውን ከፍተው ወጡ። በግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ናቸው። ደብረ ዘይት ያለች እህታቸው ከታመመች ቆይታለች፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣሉ። "ምነው? ምን ሆነሽ ነው?" አሉኝ። መናገር አቃተኝ፤ ትንፋሽ የለኝማ። እጄን ብቻ አወዛወዝኩ። ምንም አይደለም ለማለት።

እሳቸው ግን ያዩት ሌላ ነው። ጥቁር የለበሰች ሴት ጎህ ሳይቀድ እየሮጠች ትመጣለች። ነጠላዋ ደግሞ ተዘቅዝቋል፤ ጥለቱ ወደ አንገት። በጨለማ ስለብሰው አላየሁትም። ለቅሶ የሚደርስ ሰው እንደሚለብሰው አድርጌ ሠፈር አቋርጫለሁ።

"እህቴን" ብለው ጮኹ። በር ሁሉ ተከፈተ። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ቀጀላ ጩኸቱን ሰምተው፣ ማን እንደ ሞተ ሳይጠይቁ ነፉት። ድንኳኑ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ካስማው ሁለት ቦታ ተተክሎ ነበር፤ ያኔ ነው ማንም አለመሞቱ የታወቀው።

እትዬ አቻምየለሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃ ሲጠጡ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ተነስተው በራቸውን ዘጉ።

እሑድ፣ ኅዳር 13

የዕድር ስብሰባ። የተነጋገሩት ስለ እኔ ነው። ዳኛው ጋሽ ወልደገብርኤል አቆሙኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። እንዲህ ቆሜ ተናግሬ አላውቅም።

አንዱ ከኋላ ባሏ ቢኖር አለ። አልጨረሰውም። መጨረስ አያስፈልገውም።

ጋሽ ቀጀላ ተነስተው ስም ሳልጠይቅ በመንፋቴ ጥፋቱ የእኔም ነው፣ ከእንግዲህ ስም ሳይነገረኝ አልነፋም አሉ። ሰው ሳቀ። ጋሽ ወልደገብርኤል አልሳቁም። ይቅርታ በይ አሉኝ።

"ለነጠላው ይቅርታ። ለሩጫው አልልም።"

ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

ተነጋግረው ወሰኑ። በጥቁር ልብስና በነጠላ ጎህ ሳይቀድ መሮጥ ክልክል ነው፤ የደገመ ከዕድሩ ይሰረዛል። ጋሽ ወልደገብርኤል ረክተው ተቀመጡ። ባሏ የሞተባት ሴት ያለ ጥቁር፣ ያለ ነጠላ ከቤት ትወጣለች ብለው አላሰቡም። ጎህ ከቀደደ በኋላ ደግሞ ፋብሪካ ነኝ፤ ማታ የልጆቼ። አስቀሩኝ ማለት ነው።

ከዕድር መሰረዝ ቀልድ አይደለም። ነገ ብሞት ማን ያነሳኛል? ለልጆቼ ማን ድንኳን ይተክላል?

ግን ቃሉን ደጋግሜ አሰብኩት። በጥቁር ልብስ። በነጠላ።

ሰኞ፣ ኅዳር 14

በእምነት ቢጫ የስፖርት ቲሸርት ሮጥኩ። ያለ ጥቁር፣ ያለ ነጠላ። ክንዴን ነፋስ ነካው። ሦስት ዓመት ያልነካውን።

ከውሳኔው አንድ ቃል አልጣስኩም።

ማታ እምነት ቲሸርቴ የታለ ብላ ጠየቀች። በላብ ርሶ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። አየችው፣ አየችኝ። እኔ ከአንድ ዓመት በፊት ማውለቅሽን ነበር የምፈልገው አለች። ጥቁሩን ማለቷ ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 11

በጾም ሆድ ገላን ደርሼ ተመለስኩ። ሲኖዎቹ ሲያልፉ አቧራቸውን አልብሰውኝ ይሄዳሉ። አንዱ ሹፌር ባቡር አመለጠሽ ወይ አለኝ። ባቡር ከቆመ ስንት ዘመኑ...

ስመለስ እትዬ አቻምየለሽ በራቸው ላይ። ከኅዳር ጀምሮ በሰላምታ ብቻ ነበርን። ያዝ አደረጉኝና ኮቴሽን ሌሊት እሰማዋለሁ አሉ። መጀመሪያ ይበሳጩ ነበር። አሁን ግን ሩጫዬን ሲሰሙ፣ ይቺ የራሷን ሩጫ ነው የምትሮጠው፣ ክፉ ወሬ የለም ብለው መልሰው ይተኛሉ።

"ቀስ ብለሽ የመጣሽ ቀን ነው የምፈራሽ" አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 24

ጉልበቴ። ቅባት አሸሁበት። ጋዜጣው ስለ ጉልበት ምንም አይልም። በጨው በኩል ይሆናል የቀረው።

ረቡዕ፣ ጥር 12

ሩት አተኮሳት። አልሮጥኩም። ጥምቀት ላይ ውሃ ተረጭታ ነው። ሌሊቱን እቅፌ ውስጥ አደረች። ሲነጋ እማዬ ዛሬ አትሮጪም አለችኝ። ዛሬ አንቺን ነው የምጠብቀው አልኳት። ሌላ ጊዜ ጥለሽኝ ነው የምትሄጂው አለች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጥያቄዋ ግን... ተኝተሽ ስትነቂ ሁልጊዜ አለሁ አልኳት። አሰበችና እሱስ እውነት ነው አለች።

ቅዳሜ፣ ጥር 22

ቁጥሬን ተቀብያለሁ። ቲሸርቱ ላይ አያያዝኩት። ሩት በጣቷ ዳበሰችው።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ጋሽ ወልደገብርኤል መጡ። ቤቴ መጥተው አያውቁም። አልቀመጥም ብለው ደጅ ቆመው ነገሩኝ። የእትዬ አቻምየለሽ እህት ደብረ ዘይት ላይ አርፋለች። ቀብሩ ነገ ስምንት ሰዓት። ዛሬ አይነገራቸውም፤ ሌሊቱን ይተኙት። መርዶው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። የቅርብ ጎረቤት አንቺ ነሽ፣ ከፊት የምትሆኚው አንቺ ነሽ አሉኝ።

ነገ ሩጫ አለኝ አልኩ። አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል።

አዩኝና ሄዱ።

በግድግዳው በኩል እትዬ አቻምየለሽ ሬዲዮ ይሰማሉ። ይስቃሉም።

እሑድ፣ ጥር 23

እጄ ቢዝልም ዛሬውኑ ልጻፈው።

ጥቁሩን ለበስኩ። ከሥሩ የስፖርት ሱሪውና ቢጫው ቲሸርት፣ ከነቁጥሩ። ነጠላዬን ዛሬ አውቄ አዘቀዘቅሁት። ከኋላዬ ጋሽ ወልደገብርኤልና አራት ሴቶች። ቀስ ብለን ሄድን። በሩን ሳልነካው የእትዬ አቻምየለሽ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

"ዛሬ አልሮጥሽም።"

መዳፌን በሩ ላይ አሳረፍኩ።

"እህቴ ናት?"

"አዎ፣ እትዬ።"

በሩ ተከፈተ። ደረታቸውን እንዳይመቱ እጃቸውን ያዝኩ። አብሬ አለቀስኩ፤ ለእሳቸውም፣ ለበቀለም። ሴቶቹ ገቡ፣ ሠፈሩ መጣ። ቤቱ ሲሞላ ተነሳሁ።

ጋሽ ወልደገብርኤል በሩ ላይ ወዴት ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። መንገዱ አንድ ነው፣ በዱከም አድርጌ ቀብሩ ላይ እገኛለሁ።

"ዛሬ ከዚህ የወጣች ከዕድሩም ወጥታለች።"

ጥቁር ቀሚሴን አውልቄ ለእምነት ሰጠኋት። ሩትን ይዘሽ በለቀስተኛው አውቶቡስ ነይ አልኳት። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ሮጥኩ። መነሻው ድረስ ሮጥኩ፤ ያ ከሃያ አንዱ አይቆጠርም።

ተተኮሰ። ወጣቶቹ ወዲያው ጠፉ። አቃቂ ድልድይ ላይ ከኋላዬ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ገላን ስደርስ አንድ ሰውዬ ብቻ። እሱም ጫማውን አውልቆ ዳር ተቀመጠ። የመጨረሻዋ እኔ ሆንኩ።

ከኋላዬ የትራፊክ ፖሊሱ ሞተር ሳይክል። ከሞተሩ ኋላ መንገድ የተዘጋበት መኪና ሁሉ። ከመኪናው ሁሉ ፊት... የለቀስተኛው አውቶቡስ። የመጨረሻው ሯጭ ሳያልፍ ማንም አያልፍም።

ሠፈሩ በሙሉ በመስታወት እያየኝ ነው። ጋሽ ወልደገብርኤል ራሳቸውን በመስኮት አውጥተው ግቢ አሉኝ። አንቺ ከገባሽ መንገዱ ይከፈታል፣ አስከሬን እየጠበቀን ነው፣ አታፍሪም?

ጋዜጣው እየሮጡ ማውራት ካልተቻለ ፍጥነቱ በዝቷል ነበር ያለው። እችል ነበር።

"አልገባም" አልኩ።

ፖሊሱ ሳቀ። እሳቸው ሹፌሩን ጥሩንባ ንፋባት አሉት። ያኔ ከመስኮቱ በስተኋላ የእትዬ አቻምየለሽ ድምፅ ተሰማ። ደክሟል፤ ግን ሁሉም ሰማው።

"ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው፣ ወልደገብርኤል። ተዋት ትጨርስ። እኔስ ቶሎ ደርሼ ምን ላገኝ ነው?"

ከዚያ በኋላ ማንም ግቢ አላለኝም። እምነት በመስኮት ውሃ አቀበለችኝ፤ ትናንት ውሻ አባረራት፣ ነገ ደግሞ አውቶቡስ አባረራት ይሉኛል አለች። እያለቀሰች ነው ወይስ እየሳቀች? ሁለቱንም።

ዋናው ነገር ምን እንደሆነ እንጃ። እኔ ያገኘሁት ይህ ነው፤ ጉልበት ያልቃል፣ ከዚያ በኋላም መንገድ አለ።

የዱከም ቤቶች ሲታዩ ጋሽ ቀጀላ አንገታቸውን አወጡ። ጡሩምባቸው በእጃቸው ነው።

"ስምሽ ማን ነበር?"

የእምነት እናት ይሉኛል እንጂ በስሜ የሚጠራኝ የለም። ከበቀለ ወዲህ ማንም።

"አሰጋሽ።"

ነፉት። የዱከም ሰው ከየቤቱ ወጣ፤ ማን ሞተ እያለ። ማንም አልሞተም። አሰጋሽ እየገባች ነው።

ከመጨረሻው መስመር በቀጥታ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። ጥቁሩን ከላይ ደረብኩ፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ። እትዬ አቻምየለሽ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ። ቀብሩ ላይ ቆምኩ፤ ቁጥሩ በጥቁሩ ሥር እንዳለ።

ሰኞ፣ የካቲት 1

ትናንት ዕድር ነበር። ስሜ አልተሰረዘም። ጋሽ ወልደገብርኤል ወደ እኔ ሳያዩ፣ ቀብር ላይ ተገኝታለች አሉና ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። አላመሰገንኳቸውም።

ዛሬ የዐቢይ ጾም መጀመሪያ። በቢጫው ወጣሁ። ነጠላዬ ምስማሩ ላይ ነው። አልፈለግሁትም።

የእትዬ አቻምየለሽ መስኮት ጨለማ ነበር። እንቅልፍ ከጠፋባቸው ስምንት ቀናቸው ነው ይላሉ ሴቶቹ። በራቸው ጋ ስደርስ እግሬን ጠንከር ጠንከር አድርጌ መሬቱን መታሁት። እንዲሰሙኝ።