ያልተነጠፈው መደብሽ

ልጄ የሻረግ፣ ባሕር ያሻገረሽ አምላክ በእግርሽ ይመልስሽ። ከአያትሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። እዚህ እንጅባራ ዝናቡ በርትቷል፤ ገብሱ ግን አልወደቀም።

«በሽተኛ አቅም ቢኖረው ራሱ የሚያደርገውን አድርጉለት» ብለው እዚያ የነርስነት ትምህርት ቤት እንዳስተማሩሽ ጽፈሽልኝ ነበር። አያትሽ አንደበታቸው ተዘግቶ፣ እህልም እምቢ ብለው ሰነበቱ። በእጃቸው የሟች ባላቸውን መደብ ሲያመለክቱኝ፣ «ላንጥፈው እሜቴ?» አልኳቸው። በዓይናቸው እሺ አሉ። ቁርበትና ጋቢ አነጠፍኩበት። ጧት ብዳስሰው ሰው አሁን እንደተነሣበት ይሞቃል። እሳቸውም አጥሚታቸውን ጠጡ።

ከትናንት ወዲህ የሚያመለክቱት ያንቺን መደብ ነው። እምቢ ብላቸው ለአጥሚቱ አፋቸውን ዘጉ። ባላነጥፍ እሳቸው ይራባሉ፤ ባነጥፍ ደግሞ ጧት ሞቆ ባገኘውስ ብዬ ላንቺ ፈራሁ።

እመቤቴ ከደጅሽ አትጥፋ። ደህና መሆንሽን በገዛ እጅሽ ጻፊልኝ፣ ልጄ። እስከዚያ ቁርበትሽን እንደተጠቀለለ ታቅፌዋለሁ።

እናትሽ ይታይሽ