በዲሪር ዱር የዋልንበት ቀን

ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውዴ ክፍሉ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? የጅቡቲ ሙቀት ለወገብ ይስማማል ብለህ ነበር፤ እውነት ያድርገው። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አልሰጠሁትም። ቱሪያ፣ ያቺ ሽቶና ጨርቅ የምታመላልሰው ጎረቤታችን፣ በጉያዋ ሸጉጣ ታደርስልሃለች። ስለዚህ እንደ ልቤ ነው የምጽፍልህ።

ባለፈው የላክኸው ደርሶኛል። «የሺ፣ አርፈሽ ተቀመጪ። ተማሪ ሰብስበሽ ዱር ለዱር መዞሩን ተዪና ባቡር ተሳፍረሽ ነይ» ብለሃል። የደረሰኝ ከጉዞው በኋላ ነው። ቀድሞ ቢደርሰኝም ግን እሄድ ነበር፤ ይህን በግልጽ እወቀው።

ጉዞውን እኔና አንተ ነን የጀመርነው። አንተ የደን ባለሙያ፣ እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ፣ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ተማሪዎቼን ይዘን ከቢዮ አዋሌ በላይ ወንዙን ተከትለን እስከ ዱሩ። አንተ ከሄድክ ወዲህ የዘንድሮው አራተኛዬ ነው። ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራኝና «በዚያ በኩል የመንደር ምሥረታ ሥራ አለ፤ የዘንድሮው ይቅር» አለኝ። «በዓመቱ ዕቅድ ላይ ፈርመውበታል፤ ከቀረም በጽሑፍ ይከልክሉኝ» አልኩት። በጽሑፍ የሚከለክለኝ አልተገኘም። ኅዳር 7፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሠላሳ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በጭነት መኪና ጭኜ ወጣሁ።

የአያቶቹን ዱር የሚጠብቀው ኦቦ ዲሪር እንደ ልማዱ ቢዮ አዋሌ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ከስቷል። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን አንጠልጥሎበት፣ «ኮታ! ኮታ! ኑ!» እያለ ከፊት ከፊት መራን። ዝናቡ ዘንድሮ አሳዝኖናል፤ ወንዙ በነጩ ድንጋይ መሀል ቀጥኖ ነው የሚወርደው። ቢሆንም ዳሩ ለምለም ነው። ዘይቱኑ ደርሷል፤ ልጆቹ እየቀጠፉ በሉ፣ ጫማቸውን አውልቀው ውኃ ውስጥ ገቡ፣ ዝንጀሮዎቹም ከገደሉ ላይ ተሳደቡብን። ኦቦ ዲሪር በየመታጠፊያው እየቆመ ያስረዳ ነበር። ባቡር ሳይመጣ በፊት ከባሕር የሚመጣው የግመል ቅፍለት የት ውኃ እንደሚጠጣ፣ የትኛው ድንጋይ ላይ ጨው እንደሚራገፍ። እንደ አንተ ቀልድ አያውቅም እንጂ አስረጂነቱስ ይበልጥሃል።

ዱሩ ስንደርስ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሮቃዎቹን፣ ሾላዎቹን፣ የአያቶቹን መቃብር፣ ሽማግሌዎች ደም የሚያደርቁበትን ትልቁን ወይራ አሳያቸው። እዚያ ጥላ ውስጥ ሲገባ ልጅ ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ማንም ሳይነግረው።

ከዚያ ወደ ጎን ወሰደኝና፣ «መምህርት፣ ይህ የመጨረሻችሁ ነው። ሰኞ መጥረቢያ ይመጣል» አለኝ።

ለአዲሱ መንደር ቤት ማገርና ምሰሶ ሊሆን ነው። የእሱም ቤት ፈርሶ ወደዚያው ሊዛወር ነው።

«ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?» አልኩት።

«ብነግርሽ ልጆቹን አታመጪም ብዬ። ወላሂ፣ እንዲያዩት ፈልጌ ነው።»

ምን ላድርግ? ላልቅስ? ያለኝ ሠላሳ አንድ ተማሪና አንድ ካርቶን ጠመኔ ነበር። ሁለት ሁለት ሆነው እንዲቆጥሩ አዘዝኳቸው። ሁለት ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዞ ማቀፍ የማይችለው ግንድ ብቻ ይቆጠር፣ የተቆጠረው ላይ የጠመኔ ምልክት ይደረግ፣ ዓይነቱ ይጻፍ። ፋርቱን የምትባል ጎበዝ ልጅ አለችኝ፤ እሷን ጸሐፊ አደረግኳት። ምሳ እንኳ ቆመው ነው የበሉት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥታ «ቲቸር፣ አንድ መቶ ሰማንያ ሰባት» አለችኝ።

ይህን ጊዜ ነው ጓድ ሣህሉ የመጣው፣ የዚያ አካባቢ የመንደር ምሥረታ ኃላፊ። ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስከትሏል። ዳገቱ ላብ በላብ አድርጎታል።

«ማን ፈቅዶልሽ ነው?»

«ትምህርት ነው። ዛፍ እየቆጠርን ነው።»

«እዚህ ምን ዛፍ አለ?» አለ፣ ዛፍ ሥር ቆሞ! ከቦርሳው ወረቀት አወጣና አነበበልኝ። «በቦታው ተገኝተን እንዳጣራነው ጠቃሚ ዛፍ የሌለበት፣ ተራ ቁጥቋጦ የበቀለበት መሬት ነው።» ሚያዝያ 1974። ለመንግሥት እርሻ ተብሎ የተጠና ነበር አሉ፤ እርሻው ቀረ፣ ወረቀቱ ግን አልቀረም። አዙሮ አሳየኝ።

ክፍሉ፣ ከሥሩ ያለው ያንተ ፊርማ ነው።

ያን ሚያዝያ አስታወስኩ። እህል አልቀምስ ብለህ «ሆዴን ነው» ስትለኝ፣ እኔ ዳማከሴ ስጨምቅልህ። በሰኔ ደግሞ ጭራሽ አገር ጥለህ ወጣህ። ሊያስሩህ ነው ብዬ አምኜ፣ ሰው ሲጠይቀኝም እንደዚያው እያልኩ አራት ዓመት ኖርኩ። የሸሸኸው ከዚያች ወረቀት መሆኑ የገባኝ ያን ዕለት፣ በተማሪዎቼ ፊት ነው። እንዴት እንዳስፈራሩህ አላውቅም። ያስፈራሩህ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ለእኔ ብትነግረኝ ኖሮ ምን ነበረበት?

ኦቦ ዲሪር አማርኛ ማንበብ አይችልም፤ የፊርማው ባለቤት ማን እንደሆነ አላወቀም። ዝም ማለት እችል ነበር። አልቻልኩም።

«ይህ ፊርማ የባለቤቴ ነው። የተጻፈው ግን ውሸት ነው» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

«ባልሽ ኮብላይ ነው። አሁን ደግሞ ውሸታም ነው እያልሽን ነው?»

«እሱ ፈርቶ ፈርሟል። እኔ አይቼ እፈርማለሁ። ፋርቱን፣ ደብተሩን አምጪ።»

የዛፉን ብዛትና ዓይነት፣ ቀኑን ጽፌ ፈረምኩ። ኦቦ ዲሪር ምንም ሳይጠይቅ አውራ ጣቱን በቢክ ቀለም ቀብቶ አተመ። ፋርቱን እስክሪብቶውን ከእጄ ስትወስድ «አንቺ ተዪ» ብላት፣ «የቆጠርኩት እኔ ነኝ ቲቸር» ብላ ስሟን እስከ አያቷ ጻፈች። ሌሎቹም ሲጠጉ ደብተሩን ዘጋሁት። ልጆች ናቸው፤ እናት አላቸው። ጓድ ሣህሉ «ታዪያለሽ!» ብሎኝ ወረደ። እኛም ልጆቹ እየዘፈኑ ወረድን፤ እኔ ብቻ አልዘፈንኩም።

እሑድን ሙሉ የፈረምንበትን ገጽ ስገለብጥ ዋልኩ። ከወረዳ ጀምሮ እስከ አዲስ አበባ ለሚመለከተው ሁሉ ላክሁ። ሰኞ መጥረቢያው መጣ። ኦቦ ዲሪር ከአንዱ ቆራጭ እጅ መጥረቢያውን ነጥቆ ወንዝ ውስጥ ወረወረው፤ አራት ቀን አሰሩት። አሥራ አንድ ዛፍ ወደቀ። ሐሙስ ግን «ይቁም» የሚል ትእዛዝ ደረሰ፤ በሁለተኛው ሳምንት አጣሪ መጥቶ እንደገና ቆጠረ። የቆሙትንና የወደቁትን ደምሮ አንድ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ አገኘ። ልጆቹ ሁለት ዘለዋል። ዱሩ እንዳይነካ ተወሰነ።

ሁሉን አሸነፍኩ ብዬ አልዋሽህም። ምሰሶው ከሌላ ሰው ዱር መጥቷል። የኦቦ ዲሪር ቤት ፈርሶ በገመድ በተለካ መስመር ላይ ተተክሏል፤ አሁን ዛፎቹን ለማየት አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዳል፣ ደግሞም በየቀኑ ይሄዳል። ፋርቱንን አልነኳትም። እኔን ከጥር ጀምሮ ሁለት ቀን ወደሚያስኬድ የቆላ ትምህርት ቤት አዛውረውኛል። ቅጣት መሆኑ ነው። ልጆች ያሉበት ሁሉ ለእኔ አገር ነው።

ስለዚህ ባቡር አልሳፈርም። እኔ ምን አድርጌ ነው የምሸሸው? በመጪው ኅዳርም ከቆላ መጥቼ ቢሆን ጉዞውን እመራለሁ። አንተ ብትመጣ ኦቦ ዲሪር ፊት ቆመህ ራስህ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ፤ እኔ አልጠየቅኩልህም፣ አልጠይቅልህምም። መቆጣትስ ተቆጥቼሃለሁ። ገና ብዙ እቆጣሃለሁ።

ለገብርኤል በእግሬ ቁልቢ እወጣለሁ። ስምህን ጠርቼ እሳልልሃለሁ። መንገድህን ያቅናልህ፣ እንቅልፍህን ይመልስልህ፣ ከፍርሃት ያውጣህ።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ከጉዞው በኋላ ስለ ዝውውሩ ቢሮ ጠርተው ቅጽ አስሞሉኝ። የሚጽፈው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ፈትቼዋለሁ ብለው ይጻፉ። የኮብላይ ሚስት ካልሆኑ ዝውውሩም ይቀርልዎታል» አለኝ። ቅጹን ተቀብዬው በራሴ እጅ «ያገባች» ብዬ ጻፍኩ።

ባለቤትህ፣
የሺአረግ