ስንጥቁን የሸፈነው ቀለም

ሰኞ፣ ኖቬምበር 14

ሰረቀኝ። ሌላ ቃል የለውም። የኤግዚቢሽኑ መጽሐፍ ዛሬ ከማተሚያ ቤት አምስተርዳም ወዳለው ቢሯችን ደረሰ። ገጽ አርባ አንድን ገለጥኩ። አራት ወር የለፋሁበት ግኝት ከነዓረፍተ ነገሮቼ አለ፤ ከሥሩ የአለቃዬ የሩሎፍ ስም።

ተረጋግቼ ልጻፈው። የአንድ ሟች ሰብሳቢ ቤተሰቦች የጥንት የቻይና ሸክላዎቹን ለሙዚየማችን ሲሰጡ፣ ከሳህኖቹ ሥር የታጠፈ ትልቅ ወረቀት ተገኘ። የድንጋይ ጽሑፍ ቅጂ ነው፦ እርጥብ ወረቀት በተቀረጸ ድንጋይ ላይ ይለጥፉና ቀለም በነካ ጨርቅ ቀስ እያሉ ይመቱታል። ድንጋዩ ጥቁር፣ ፊደሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ድንጋዩ ላይ በየዘመኑ እየረዘመ የሄደ ስንጥቅ አለ። እስካሁን ባየኋቸው ሌሎች ቅጂዎች ሁሉ «ዝናብ» የሚለውን ፊደል ለሁለት ከፍሎታል። በእኛው ላይ ፊደሉ ደህና ነው። ስለዚህ የእኛው ከሁሉም ይቀድማል። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ። ሩሎፍ የሸክላ ሰው ነው፤ ሳህን ገልብጦ ጠርዙን በጣቱ ዳሶ ዘመኑን ይናገራል፣ አልክድም። ቻይንኛ ግን አንድ ፊደል አያነብም።

«የቡድን ሥራ እኮ ነው፣ ሐያት» አለኝ። «ምስጋናው ላይ አለሽ።»

አየሁት። ከፎቶ አንሺው በታች፣ «ረዳት» ተብዬ።

ማክሰኞ፣ 15

ያለኝ ማስረጃ፦ ሦስት ደብተር፣ ቀን ያለባቸው ኢሜይሎች፣ ፎቶዎች። አርብ ዴን ሃግ ውስጥ ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ሩሎፍ ንግግር ያደርጋል። እዚያው፣ በሰው ፊት እይዘዋለሁ።

እማ ከቱይስዞርኽ፣ አረጋውያንን በየቤታቸው ከምትንከባከብበት ሥራ፣ ስትመለስ ነገርኳት። ኮቷን እንኳ አላወለቀችም።

«አሥራ ሁለት ዓመት በየሰው ቤት ሽማግሌ ሳገላብጥ የኔን ስም ማን ጻፈው?»

«ለዚህ ነው እኔ የማልተወው።»

«ማን ተዪው አለሽ? ግን እኔ ቁስሉን በዓይኔ ሳላይ ሪፖርት ላይ አልፈርምም፣ ወላሂ። ነገርሽን ደግመሽ እዪ። ኋላ መሳቂያ እንዳያደርጉሽ።»

ተናደድኩ። ግን እውነት አላት። ፎቶዎቼ ሁሉ ከላይ በበራ መብራት የተነሱ ናቸው፤ ከጎን አብርቼ አላየሁትም።

ረቡዕ፣ 16



ወረቀት የምትጠግነው ማርሌን ትንሽ ባትሪ አዋሰችኝ። መብራቱን ከጎን፣ ዝቅ አድርጌ አበራሁ። ጥቁሩ ሁሉ የድንጋዩን ሸካራነት ይዟል፤ እንደ አሸዋ ደቃቅ ነጭ ነጠብጣብ አለበት። «ዝናብ» አጠገብ ግን የለም። ልሙጥ ጥቁር፣ በብሩሽ የተቀባ። ከቀለሙ ሥር ስንጥቁ በፊደሉ መሃል ያልፋል።

ቅጂው የጥንት አይደለም። አንድ ነጋዴ አስረጅቶ ሊሸጠው ስንጥቁን ደፍኖታል። ይህን ተንኮል በመጀመሪያ ዓመት ተምሬዋለሁ። ተምሬዋለሁ! በጎን መብራት ያላየሁት ጥንታዊ እንዲሆን ስለፈለግሁ ነው።

ማርሌን «ምን አገኘሽ?» አለችኝ።

«ራሴን» አልኳት። አልገባትም።

ሐሙስ፣ 17

ዝም ብልስ? ነገ ሰውዬው በአዋቂዎች ፊት የኔን ስህተት በስሙ ያነባል። አንድ ቀን አንድ ሰው ያየዋል። ይዋረዳል። የኔ ኮንትራት እንደሆነ ዲሴምበር ላይ ያልቃል፤ ማንም አይጠይቀኝም።

ከአምስተርዳም ወደ ቤቴ ወደ ዴልፍት ስመለስ ይህን እያሰብኩ፣ በባቡሩ መስኮት እያየሁ ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬን መስታወቱ ላይ አየሁትና ደነገጥኩ።

ከባቡሩ ወርጄ ለሩሎፍ ደወልኩለት። ስለ ቀለሙ ነገርኩት።

«ስምሽ ስላልወጣ ተቆጥተሽ ነው» አለኝ። «ሰኞ ከሁሉም ይቀድማል ያልሽው አንቺ፤ ዛሬ ደግሞ ሌላ?»

«መብራት ይዘህ እየው!»

«መጽሐፉ ታትሟል፣ ሐያት።» ዘጋው።

አርብ፣ 18

ንግግሩ አለቀ፣ ጭብጨባ፣ ጥያቄ። ተነሳሁ። 

«በገጽ አርባ አንድ ያለው ግኝት የኔ ነው። ስህተትም ነው። ስህተቱም የኔ ነው።»

ሩሎፍ «ይህች ልጅ ረዳቴ ናት፣ ትንሽ ተከፍታለች» ብሎ ሳቀ። ማንም አብሮት አልሳቀም። ከፊት ረድፍ አንዲት ነጭ ፀጉር ያላቸው ቻይናዊት ምሁር ቅጂው በመስታወት ውስጥ ወደተሰቀለበት ግድግዳ ሄዱ። ተከትያቸው ከመስታወቱ ጎን በስልኬ አበራሁላቸው። ያንጸባርቅ ነበር፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እጄን ይዘው አስተካከሉት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ተቀብቷል» አሉ በእንግሊዝኛ። ለሩሎፍ ሳይሆን ለእኔ።

ሩሎፍ ኮቱን ይዞ ወጣ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ 19

ከሙዚየሙ ኢሜይል ደረሰኝ። መጽሐፉ ውስጥ የሚገባ የማረሚያ ወረቀት ሊያትሙ ነው። ረቂቁ አንድ መስመር፦ «በገጽ 41 ያለው የዘመን አወሳሰን ስህተት የሐያት እንድሪስ ነው።» የሩሎፍ ስም የለም። እስማማ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ለእማ አነበብኩላት። አጨበጨበች። «ይኸው ወጣልሽ! ጥፋት ሲሆን ስምሽን በደንብ ያውቁታል።»

አብረን ሳቅን።

መልሱን ጻፍኩ። እስማማለሁ፤ ሁለተኛ መስመር እስከተጨመረ ድረስ፦ «ስህተቱን ፈልጋ ያገኘችውም እሷ ናት።» ያለዚያ አልፈርምም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ቁጣ ያለበትን አንድ ቃል አወጣሁ፣ ላክሁት።

እስካሁን መልስ የለም። ይምጣም ይቅርም፣ የላክሁት ያየሁትን ነው።